የእሑድ ጉዞ በጀርመን፦ ከቲኬት ግዢ እስከ ሒሳብ መክፈል

ጀርመን አዲስ የገባ ሰው የመጀመሪያ ጉዞው የሚበላሽበት መንገድ ይታወቃል። ቲኬቱ የማይሠራበት ባቡር ላይ ወጥቶ 60 ዩሮ ይቀጣል። ወይም ባቡሩን በትክክል ይዞ የተሳሳተው ፉርጎ ውስጥ ይቀመጥና ሌላ ከተማ ይደርሳል። ሲርበው ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ምግብ ቤት ሲያገኝ ደግሞ «ሥጋ የለውም» ብሎ ያዘዘው ድንች የአሳማ ስብ ይዞ ይመጣለታል። አራቱንም ከቤት ሳይወጡ መከላከል ይቻላል፤ ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከጉዞው ቀን በፊት ነው።

ለምሳሌ የወሰድነው ከሙኒክ ወደ ቴገርንዜ ሐይቅ ደርሶ መልስ የሚደረግ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ከፍራንክፈርት፣ ከኮሎን ወይም ከበርሊን ብትነሡም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

ሰዓቶቹ በሙሉ በጀርመን አቆጣጠር ናቸው፦ 9፡00 ማለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ለጓደኛ ስትቀጥሩም «በሦስት ሰዓት» አትበሉ፤ «9፡00» ብላችሁ በቁጥር ጻፉ። ባቡሩ ሁለታችሁም እስክትግባቡ አይጠብቅም።

ደረጃ 1፦ ቲኬቱን ምረጡ

1. በወሩ ውስጥ ስንት ቀን እንደምትጓዙ ቁጠሩ። በየቀኑ ወደ ሥራ በባቡር ወይም በአውቶቡስ የምትሄዱ ከሆነ ዶይችላንድቲኬት ግዙ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ዋጋው በወር 63 ዩሮ ነው። በመላው ጀርመን በከተማ አውቶቡስ፣ በትራም፣ በኡ-ባን (በምድር ውስጥ ባቡር)፣ በኤስ-ባን (ከከተማ ወደ ዳርቻዋ በሚሄድ ባቡር) እና በክልል ባቡሮች ሁሉ ይሠራል። የክልል ባቡሮች በአብዛኛው «ኤር ኤ» (RE) ወይም «ኤር ቤ» (RB) የሚል ምልክት አላቸው።

2. በወር አንድ ቀን ብቻ የምትጓዙ ከሆነና ሁለት፣ ሦስት ወይም አምስት ሰዎች ከሆናችሁ የክልል የቀን ቲኬት ይሻላል። ሙኒክ ባለችበት በባየርን ክልል «ባየርን-ቲኬት» ይባላል፤ ሌሎች ክልሎችም የራሳቸው አላቸው። እስከ 5 ሰው በአንድ ቲኬት ይሄዳል፤ ዋጋው በሰው ቁጥር ስለሚጨምር የሰዉን ቁጥር በትክክል አስገቡ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ9፡00 በፊት አይሠራም፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይሠራል። ማብቂያው በማግሥቱ ሌሊት 3፡00 ነው። የተጓዦቹን ስም ከመሳፈራችሁ በፊት ቲኬቱ ላይ ጻፉ፤ ስም ያልተጻፈበት ቲኬት ልክ እንዳልተገዛ ይቆጠራል።

3. ዶይችላንድቲኬት ስትገዙ ልብ በሉ፤ የአንድ ወር ግዢ ሳይሆን ራሱን በየወሩ የሚያድስ ውል ነው። ለማቋረጥ በወሩ እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ማሳወቅ አለባችሁ። በ11ኛው ቀን ካሳወቃችሁ የቀጣዩም ወር ክፍያ ከሒሳባችሁ ይወጣል። ጊዜው የሚቆጠረው በካላንደር ወር ስለሆነ ወሩ ከተጋመሰ በኋላ መግዛት ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው።

ሻጩ የባንክ ሒሳባችሁን አልቀበልም ካለ ተስፋ አትቁረጡ። ቲኬቱን የሚሸጡት ብዙ የትራንስፖርት ድርጅቶች ናቸው፤ የአንዱ አፕ እምቢ ቢል የሌላው ሊቀበል ይችላል፤ የትም ብትገዙት የሚያገለግለው እኩል ነው። ከሰው እጅ በርካሽ ግን አትግዙ። ቲኬቱ በስም ነው፤ ተቆጣጣሪው መታወቂያ ይጠይቃል፤ ለሌላ ሰው ማዋስም አይቻልም።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ቲኬት የማይሠራባቸው

ነጩ ፈጣን ባቡር ኢ ሴ ኤ (ICE)፣ ሌሎቹ የረጅም ርቀት ባቡሮች ኢ ሴ (IC) እና ኤ ሴ (EC)፣ እንዲሁም ፍሊክስትሬይን ባቡርና ፍሊክስቡስ አውቶቡስ። በጥቂት መስመሮች ለኢ ሴ ልዩ ፈቃድ አለ፤ የባቡር ጉዞ አፑ (ዲቢ ናቪጋቶር) በግልጽ ካላሳያችሁ ግን እንደሌለ ቁጠሩት። የእናንተ ባቡር ቢዘገይም «ዘግይቷልና ፈጣኑን ልያዝ» ብላችሁ አትሳፈሩ። የሚያስፈቅደው የባቡሩ ሠራተኛ ወይም በድምፅ ማጉያ የተነገረ ማስታወቂያ ብቻ ነው።

ቲኬቱ የ2ኛ መደብ ነው። በሩ ላይ ወይም መስኮቱ አጠገብ ትልቅ «1» ካያችሁ ባዶ ወንበር ቢሞላውም አትቀመጡ። ከ6 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነፃ ይጓዛሉ፤ 6 ዓመት የሞላው ልጅ በእናንተ ዶይችላንድቲኬት ስለማይሄድ የራሱ ቲኬት ያስፈልገዋል። ለብስክሌትም ለብቻው ይከፈላል።

ደረጃ 2፦ ቅዳሜ ከመምሸቱ በፊት

እሑድ ሱፐርማርኬት ዝግ ነው። በከፊል ሳይሆን ሙሉ ለሙሉ። ክፍት የሚሆኑት በትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ያሉ ሱቆች፣ ነዳጅ ማደያዎችና በጠዋት ለጥቂት ሰዓታት የሚከፍቱ ዳቦ ቤቶች ናቸው፤ ጣቢያውና ማደያው ደግሞ ውድ ናቸው። በዓል ቀንም እንደ እሑድ ነው። በዓላቱ በየክልሉ ይለያያሉ፦ ጃንዋሪ 6 በባየርን፣ በባደን-ቩርተምበርግና በዛክሰን-አንሃልት ዝግ ሲሆን በሌላው አገር የሥራ ቀን ነው። በእነዚህ ሦስት ክልሎች ለገና የምታዘጋጁ ከሆነ ልብ በሉ፤ የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሚውል ሸመታችሁን እስከ ጃንዋሪ 5 ጨርሱ።

ቅዳሜ የሚደረገው ይህ ነው፦

1. ውኃ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ግዙ። ለመንገድ የሚመቸው የማይፈስ ምግብ ነው፦ ድፎ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች። እንጀራ የምትይዙ ከሆነ ሽሮውን ወፍራም አድርጋችሁ ጠቅልሉትና ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ ያዙ። በክልል ባቡር መብላት የተለመደ ነው፤ በብዙ ከተሞች ኡ-ባንና አውቶቡስ ውስጥ ግን ክልክል ስለሆነ ምልክቱን እዩ።

2. በትንሹ 50 ዩሮ ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ ከእሱ ውስጥ የተወሰነው ሳንቲም ይሁን። የገጠር ምግብ ቤት በር ላይ «ኑር ባርጻሉንግ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ካርድ አይቀበልም ማለት ነው። የጣቢያ መጸዳጃ ቤትም ብዙ ጊዜ 1 ዩሮ ገደማ ያስከፍላል፤ ባቡር ውስጥ ያለው ነፃ ነው።

3. ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ያዙ፤ ፎቶኮፒ አይበቃም። ዶይችላንድቲኬት ድንበር ተሻግሮ እስከ ኦስትሪያዋ ዛልስቡርግ ጣቢያ ይሠራል፤ ቲኬቱ ሠራ ማለት ግን ድንበሩ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር ጀምራለች። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና በሒደት ላይ ከሆነ፣ ዱልዱንግ (ከአገር መባረር ለጊዜው የታገደበት ወረቀት) ላይ ከሆናችሁ ወይም ካርዳችሁ እየታደሰ ከሆነ ከጀርመን አትውጡ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ወረቀታችሁ ላይ የመንቀሳቀሻ ገደብ ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል በአገር ውስጥም ከመጓዛችሁ በፊት አንብቡት፤ ካልገባችሁ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ዘንድ ሄዳችሁ አስነብቡት። ጉዞ ለሌላ ቀን ይቆያል፤ የወረቀት ጉዳይ ግን ቀልድ አይወድም።

4. ዲቢ ናቪጋቶር የሚባለውን አፕ ክፈቱ። መነሻና መድረሻ ካስገባችሁ በኋላ በማጣሪያው ውስጥ የክልል ባቡሮችን ብቻ የሚያሳየውን ምርጫ ንኩ። ሰው የሚሳሳተው በብዛት እዚህ ላይ ነው፦ ማጣሪያውን ካልነካችሁ አፑ ፈጣኑን ባቡር አስቀድሞ ያሳያል፤ ፈጣኑን ይዞ የተገኘ ይቀጣል።

5. የመጨረሻውን የመመለሻ ባቡር ሰዓት ጻፉ፤ ከዚያም ከእሱ በፊት ባለው ለመመለስ ወስኑ። የመጨረሻው ከተሰረዘ ማደሪያ ያስፈልጋችኋልና።

6. ምግብ ቤቱን ምረጡ፤ ክፍት መሆኑንም አረጋግጡ። ብዙ ምግብ ቤት በሳምንት አንድ ቀን «ሩሄታግ» አለው፤ የዕረፍት ቀን ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይውላል። ከምሳ በኋላም ከ14፡00 እስከ 17፡30 ገደማ ወጥ ቤቱ የሚዘጋበት ብዙ ነው። ለእሑድ ምሳ ደውላችሁ ቦታ ያዙ።

7. ስልክና ተጨማሪ ባትሪ ሙሉ። ቲኬቱ በስልክ ከሆነ፣ የሞተ ስልክ የሌለ ቲኬት ነው። የቲኬቱን ምስል በስክሪንሾት ማሳየትም ተቀባይነት የለውም።

ደረጃ 3፦ ጣቢያው ላይ

1. ባቡሩ ከመነሣቱ 20 ደቂቃ በፊት ድረሱ። ሙኒክ ዋና ጣቢያ በጣም ሰፊ ነው። ወደ ቴገርንዜ የሚሄደው ባቡር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከ27 እስከ 36 ካሉት መስመሮች ሲሆን እነዚህ ከዋናው አዳራሽ በጎን ርቀው ስለሚገኙ በእግር ደቂቃዎችን ይወስዳሉ።

2. ሰሌዳውን አንብቡ። «ግላይስ» የመሳፈሪያ መስመሩ ቁጥር ነው። በመጨረሻው ሰዓት ሊለወጥ ስለሚችል አፑን ሳይሆን ሰሌዳውንና የድምፅ ማጉያውን እመኑ። «ፌልት አውስ» ካለ ባቡሩ ተሰርዟል።

3. የወረቀት ቲኬት ከማሽን ከገዛችሁ የሰዓት ማኅተም መመታት የሚያስፈልገው መሆኑን እዩ። በብዙ ከተሞች የአንድ ጉዞ ቲኬት መግቢያው ላይ ባለችው ትንሽ ሳጥን ካልተመታ ዋጋ የለውም። ሳጥኗ «ኤንትቬርተር» ትባላለች። ዶይችላንድቲኬት መመታት አያስፈልገውም።

4. ፉርጎውን ለዩ። በጣም ብዙ ሰው የሚስተው ይህ ነውና ቆም ብላችሁ አንብቡ። ጀርመን ውስጥ አንዳንድ ባቡሮች ተያይዘው ይነሡና መንገድ ላይ ይለያያሉ። የቴገርንዜው ባቡር ዋናው ምሳሌ ነው፦ ከሙኒክ አንድ ሆኖ ይወጣል፤ ሆልትስኪርሸን ሲደርስ ወደ ባይሪሽጼል የሚሄደው ክፍል ይቆረጣል፤ ሻፍትላህ ላይ ደግሞ የሌንግሪስና የቴገርንዜ ክፍሎች ይለያያሉ። መድረሻው በየክፍሉ ጎን ላይ በመብራት ተጽፏል። ውስጥ ከገባችሁ በኋላም ከጣሪያው ሥር ያለውን ማሳያ ተመልከቱ። ጥርጣሬ ካለ ቦርሳችሁን ሳታስቀምጡ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው «ቴገርንዜ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አንዲት ቃል ትበቃለች።

ሲሳሳት ምን ይደረግ

*የተሳሳተ ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ፦* ባቡሩ ገና ካልተለያየ፣ በሚቀጥለው ጣቢያ ውረዱና በመሳፈሪያው ላይ ሮጥ ብላችሁ ወደ ትክክለኛው ክፍል ግቡ። ከተለያየ በኋላ ከሆነ በመጀመሪያው ጣቢያ ወርዳችሁ ወደ መለያያው ጣቢያ ተመለሱ፤ የሚቀጥለውንም ጠብቁ። ክልሉ ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ተጨማሪ ክፍያ የለም፤ የምትከፍሉት በጊዜ ነው።

*ባቡሩ ከተሰረዘ፦* «ሺነንኤርዛጽፈርኬር» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። በባቡሩ ምትክ የሚሄድ አውቶቡስ ነው፤ በዚያው ቲኬት ያሳፍራል። የሚቆመው ብዙ ጊዜ ከጣቢያው ውጭ ስለሆነ ምልክቱን ተከተሉ፤ ከባቡር በላይ ጊዜ ስለሚወስድም የምግብ ቤት ቀጠሮ ካላችሁ ወዲያው ደውሉ።

*ከዘገያችሁ፦* በመደበኛ ቲኬት መድረሻችሁ ላይ 60 ደቂቃ ከዘገያችሁ ከዋጋው 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ከሆነ 50 በመቶ ይመለሳል። በዶይችላንድቲኬት ግን ለእያንዳንዱ ከ60 ደቂቃ ያላነሰ መዘግየት 1.50 ዩሮ ብቻ ነው፤ ድምሩ 4 ዩሮ ሳይደርስ አይከፈልም። ስለዚህ ማስረጃውን አጠራቅሙና አንድ ላይ አቅርቡ።

*ከተቀጣችሁ፦* አትከራከሩ፤ አትሽሹም። ቅጣቱ 60 ዩሮ ወይም የጉዞው ዋጋ እጥፍ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። ስማችሁን በትክክል ስጡና ወረቀቱን ተቀበሉ። በስማችሁ የወር ቲኬት እያላችሁ ስልኩ ሞቶ ወይም ካርዱ ቤት ቀርቶ ከሆነ በአንድ ሳምንት ውስጥ አቅርቡ፤ ቅጣቱ ወደ 7 ዩሮ ይወርዳል። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ መጣል ግን የሁሉም ስሕተቶች ትልቁ ነው። ማስጠንቀቂያው ይደጋገማል፤ ወጪው ይጨምራል፤ ያለ ቲኬት መጓዝ ደጋግሞ ከተገኘም ወደ ወንጀል ክስ ሊሄድ ይችላል፤ ያ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ በሚታይበት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ይቀርባል።

ደረጃ 4፦ ባቡር ውስጥ

በስልክ ድምፅ ማጉያ አታውሩ፤ ሙዚቃም አትክፈቱ። እግር ወንበር ላይ አይወጣም። ባዶ ወንበር ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት «ኢስት ሂር ኖህ ፍራይ?» በሉ፤ «ይህ ቦታ ባዶ ነው?» ማለት ነው፤ አንገት ነቅነቅ ሲያደርጉላችሁ ተቀመጡ። ከአገር ቤት እንደለመድነው ከጎናችን ከተቀመጠው ሰው ጋር ወዲያው ጨዋታ ባይጀመር ኩራት አይምሰላችሁ፤ ዝምታው እንደ አክብሮት የሚታይ ነው።

ደረጃ 5፦ ጠርሙሱን አትጣሉ

በፕላስቲክ ጠርሙስና በቆርቆሮ መጠጥ ላይ 25 ሳንቲም መያዣ ተከፍሏል፤ ፕፋንድ ይባላል። ለተለመደው የቢራ ጠርሙስ 8 ሳንቲም፣ ተመልሶ ለሚሞላ የውኃ ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ 15 ሳንቲም ነው። ቆርቆሮውን አትጨፍልቁ፤ የጠርሙሱንም ወረቀት አትላጡ፤ ማሽኑ ምልክቱን ካላነበበ አይቀበልም። ሰኞ ሱፐርማርኬት ወስዳችሁ ማሽኑ ውስጥ አስገቡ፤ የሚወጣውን ወረቀት በዚያው ሱቅ ለገንዘብ ተቀባዩ ስጡ። የወይን ጠርሙስ መያዣ ስለሌለው ወደ መስታወት ማጠራቀሚያ ይሄዳል፤ ግን እሑድ አትወርውሩ፤ ድምፁ ስለሚረብሽ ክልክል ነው።

ገና ገበያ ላይ ኩባያውም መያዣ አለው፤ ስትመልሱ ገንዘቡን ይሰጧችኋል። አልኮል ለማይጠጣ «ኪንደርፑንሽ» የሚባል አልኮል የሌለበት ትኩስ መጠጥ አለ።

ደረጃ 6፦ ምግብ ቤት

*አቀማመጥ።* በቀላል የገጠር ምግብ ቤት ራሳችሁ ቦታ ትመርጣላችሁ። ሁለት ምልክት ካላቸው ጠረጴዛዎች ራቁ፦ «ሬዘርቪርት» የተያዘ ነው፤ «ሽታምቲሽ» ደግሞ በየሳምንቱ የሚመጡ የሠፈር ደንበኞች ቋሚ ጠረጴዛ ነው፤ ባዶ ቢሆንም አይቀመጡበትም። ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር መቀመጥ የተለመደ ነው፤ አስቀድሞ መጠየቅ ግን ግድ ነው።

*መጠጥ።* መጀመሪያ የሚጠየቀው መጠጥ ነው። «ቫሰር» ብቻ ካላችሁ ጋዝ ያለው ይመጣል፤ ጋዝ የሌለው ከፈለጋችሁ «ሽቲለስ ቫሰር» በሉ። ሁለቱም ይከፈልባቸዋል። የቧንቧ ውኃ በነፃ ማምጣት ልማድ አይደለም። አልኮል ለማይጠጣ የአፕል ጭማቂ ከጋዝ ውኃ ጋር የተቀላቀለበት «አፕፈልሾርለ» የትም አለ።

*ዳቦ።* በባየርን ጠረጴዛው ላይ ቅርጫት ውስጥ ያለው ብሬጽል (የተጠማዘዘ ዳቦ) ስጦታ አይደለም፤ የበላችሁት ተቆጥሮ ሒሳብ ላይ ይገባል።

አሳማ የሚደበቅበት

ኦርቶዶክስም ሆነ ሙስሊም፣ ከእኛ መካከል አሳማ የማይበላው ብዙ ነው። ችግሩ ሥጋው በግልጽ የሚታይበት ምግብ አይደለም፤ ማጣፈጫ ሆኖ የሚገባበት ነው። ምናሌ ላይ ያሉት ፊደላት የአለርጂ ምልክቶች ናቸው፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴና የመሳሰሉትን ይናገራሉ። አሳማ የአለርጂ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ፊደላቱ ስለ እሱ አንድም ነገር አይነግሯችሁም። መጠየቅ ብቻ ነው መፍትሔው።

- ሽኒጽል፦ «ቪነር ሽኒጽል» የጥጃ ነው። «ሽኒጽል ቪነር አርት» ወይም ዝም ብሎ «ሽኒጽል» ከተባለ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። አንድ ቃል ናት ልዩነቱ።
- ብራትካርቶፈልን (የተጠበሰ ድንች)፦ ሽፔክ የሚባል የአሳማ ስብ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ይገባበታል።
- ሪንደርሩላደ፦ ስሙ የበሬ ሥጋ ነው፤ ውስጡ ግን በሽፔክ ይጠቀለላል።
- ሮትኮል (ቀይ ጎመን) እና ዛወርክራውት፦ በአሳማ ስብ ሊበስሉ ይችላሉ።
- የምስር ሾርባ፦ ቋሊማ ወይም ሽፔክ ይገባበታል። ምስር ስላያችሁ ብቻ አትመኑ።
- ፍላምኩኸንና ጽቪብልኩኸን፦ የሽንኩርት ቂጣ ቢመስሉም ሽፔክ አለባቸው።
- ማውልታሸን፣ ሌበርኬዘ፣ ቫይስቩርስት፣ ፍሪካደለ፦ ሥጋቸው ድብልቅ ስለሆነ አሳማ አለባቸው ብላችሁ ውሰዱ።
- ለስላሳ ከረሜላዎች፦ ጄላቲናቸው ብዙ ጊዜ የአሳማ ነው።

የምትሉት ይህን ነው፦ «ኢሽ ኤሰ ካይን ሽቫይነፍላይሽ። ኢስት ዳ ሽፔክ ድሪን?» የአሳማ ሥጋ አልበላም፤ ሽፔክ አለበት? «ሥጋ አለው?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። ሽፔክን እንደ ቅመም እንጂ እንደ ሥጋ የማይቆጥር አስተናጋጅ ያጋጥማልና።

በደህና የሚበላው፦ ፎረለ የሚባለው የወንዝ ዓሣ፣ በባየርን ሐይቆች አካባቢ ደግሞ ሬንከ የሚባለው። ቴገርንዜ ላይ ሬንከ ካገኛችሁ እዘዙ፤ ለዚያ ቦታ የሚገባው ምግብ እሱ ነው። የበሬ ቅቅል የሆነው ታፈልሽፒጽም አለ። ሃላል ሥጋ የገጠር ምግብ ቤት ውስጥ አትጠብቁ፤ ዓሣ ወይም የአትክልት ምግብ ምረጡ፤ የቢራና የወይን ሶስ መኖሩንም ጠይቁ። ሽቫርስቬልደር ኪርሽቶርተ የሚባለው ኬክ አልኮል አለበት።

ጾም ላይ ከሆናችሁ

«ቬጌታሪሽ» (ሥጋ የሌለበት) ለጾም አይሆንም፤ አይብ፣ ቅቤና እንቁላል ይገባበታል። የሚፈለገው ቃል «ቬጋን» ነው። ምናሌው ላይ ከሌለ እንዲህ በሉ፦ «ኦነ ፍላይሽ፣ ኦነ ሚልሽ፣ ኦነ ቡተር፣ ኦነ አይ»፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል። ቅቤውን ለብቻው ጥሩት፤ ወተት ስትሉ ቅቤን ያላካተታችሁ ይመስላቸዋል። የአለርጂው ፊደላት እዚህ ላይ በጣም ይጠቅማሉ፦ ከምናሌው ግርጌ የወተትና የእንቁላል ፊደል የትኛው እንደሆነ ፈልጉና እነዚያ የሌሉበትን ምግብ ምረጡ። ፊደሉ በየምግብ ቤቱ ሊለያይ ስለሚችል የሌላውን በቃላችሁ ይዛችሁ አትሂዱ።

እንቁላል የሚደበቅባቸው፦ ሽፔጽለ (እንደ ፓስታ ያለ)፣ ዜመልክኖደል (የዳቦ ድቡልቡል)፣ እንዲሁም አብዛኛው ካርቶፈልፑፈር (የተፈጨ ድንች ጥብስ)። የአትክልት ሾርባ በሥጋ መረቅ ሊሠራ ስለሚችል ጠይቁ። የተቀቀለ ድንች (ዛልጽካርቶፈልን)፣ ሰላጣ በዘይትና በኮምጣጤ፣ እንዲሁም በፀደይ ወራት የሚወጣው ነጭ ሽፓርግል (አስፓራገስ) «ኦነ ሆላንደዘ»፣ ማለትም ያለ ቅቤና እንቁላል ሶሱ፣ ከጾም ጋር ይሄዳሉ። የሽፓርግል ወቅት በልማድ ጁን 24 ያበቃል።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ በታሸገ ምግብ ላይ ወተትና እንቁላል በደማቅ ይጻፋሉ፤ ማየት ቀላል ነው። «ካን ሽፑረን ፎን ሚልሽ ኤንትሃልተን» የሚለው ወተት ገብቶበታል ማለት ሳይሆን በፋብሪካው ውስጥ ሊነካካ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ነው።

ለጾመኛ ከሁሉ የሚመቸው የባየርን ቢርጋርተን (ከቤት ውጭ ያለ የቢራ መናፈሻ) ነው። በባሕላዊው ቢርጋርተን የራስን ምግብ ይዞ መግባት መብት ነው፤ በ1999 የወጣው የባየርን ደንብም የቢርጋርተን መለያ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሁለት ሁኔታ ጠብቁ፦ መጠጡን ከእነሱ ግዙ፤ የጠረጴዛ ልብስ የተነጠፈበት ላይ አትቀመጡ፤ እዚያ አስተናጋጅ ያለበት ክፍል ነው። ባዶው የእንጨት ጠረጴዛ ላይ የራሳችሁን ጨርቅ አንጥፉ፤ እንጀራችሁን ዘርጉ። ማንም አይከለክላችሁም፤ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያሉት ምን እንደሆነ ቢጠይቁ ቁራሽ ስጡ።

ሒሳብ

ሒሳብ ሳትጠይቁ አይመጣም። «ጻለን፣ ቢተ» በሉ። ወዲያው «ጹዛመን ኦደር ጌትሬንት?» ትባላላችሁ፤ «አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ?» ማለት ነው። ሁሉም የየራሱን መክፈሉ እዚህ ነውር የለውም። ጀርመናዊ ባልደረባ ምሳ እንብላ ካላችሁም፣ ጋብዣችኋለሁ ብሎ በግልጽ ካልተናገረ የራሳችሁን ለመክፈል ተዘጋጁ።

ጉርሻው ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ግን አይተውም። ሒሳቡ 27.40 ከሆነ ገንዘቡን ስትሰጡ «ድራይሲሽ» (30) በሉ፤ አስተናጋጁ የቀረውን ለራሱ ይይዛል። በትክክል 30 ዩሮ እየሰጣችሁ ከሆነ «ሽቲምት ዞ» በሉ፤ መልሱ ይቅር ማለት ነው። «ዳንከ» (አመሰግናለሁ) እያላችሁ 50 ዩሮ አትዘርጉ፤ መልስ አልፈልግም ያላችሁ ሊመስል ይችላል።

ደረጃ 7፦ ቤት ከተጋበዛችሁ

15፡00 ወይም 16፡00 ላይ የሚደረግ ግብዣ ምሳ አይደለም፤ ቡናና ኬክ ነው፤ ምሳችሁን በልታችሁ ሂዱ። በሰዓቱ ድረሱ፤ አምስት ደቂቃም ቢሆን የምትዘገዩ ከሆነ መልእክት ላኩ። 15 ደቂቃ ቀድሞ መድረስም ባለቤቷን ያስጨንቃል፤ በር ላይ ዞር ዞር ብላችሁ ጠብቁ። አበባ ከያዛችሁ ወረቀቱን ገልጣችሁ ስጡ፤ ቀይ ጽጌረዳ የፍቅር ስለሆነ ተዉት። ጫማ ይወልቅ እንደሆነ በሩ ላይ ጠይቁ። ልደት ከቀኑ በፊት «እንኳን አደረሰህ» አይባልም፤ መጥፎ ዕድል ያመጣል ብለው የሚቀየሙ አሉ።

ኬኩን በቃኝ ካላችሁ ሁለተኛ አይቀርብላችሁም። እኛ ቤት እንደሚደረገው «በሞቴ» ተብሎ እስኪለመን አትጠብቁ፤ ከፈለጋችሁ በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ» በሉ።

መመለሻ

ከሐይቁ ዳር ከመነሣታችሁ በፊት አፑን እንደገና ክፈቱ፤ የክልል ባቡር ማጣሪያው እንዳልጠፋ አረጋግጡ። ፀሐያማ እሑድ ከ16፡00 እስከ 19፡00 ባለው ጊዜ ወደ ሙኒክ የሚመለሱት ባቡሮች ይጨናነቃሉ፤ የሕፃን ጋሪ ካላችሁ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ያለውን ያዙ። ቴገርንዜ የመስመሩ መነሻ ስለሆነ ከዚያው ከተሳፈራችሁ ወንበር ታገኛላችሁ፤ ሻፍትላህ ላይ የሚቀላቀሉት ቆመው ይሄዳሉ። ዶይችላንድቲኬቱን ለዚህ ጉዞ ብቻ ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጣችሁ የማቋረጫውን ቀን ስልካችሁ ላይ ያዙ፤ 10ኛው ቀን ሳያልፍ።